ሽሩባ የለበሰው ቱቦ

«እሳቱ አይደለም የገረመኝ። ይቺን ይዩልኝ» አለ ሳጅኑ፣ መኪናዋ ሥር በጀርባው እንደተኛ በእጅ ባትሪው እያመለከተ።

ኢንስፔክተሯ ካርቶን አነጠፈችና ከጎኑ ገብታ ተኛች። ሳጅኑ በአካሉ ግዙፍ ስለሆነ ለሷ የተረፋት ቦታ ጠባብ ነበር።

«ሆድህን ሳብ አድርግልኝ እስቲ።»

«ስቤው ነው እንዲህ የሆነው።»

በላያቸው ያለችው ባለሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ናት። ትናንት ከሰዓት በኋላ ዳገቱ ላይ መታጠፊያውን ስታ ከመንገድ ወጥታ ተቃጠለች። ቀዩ ቀለሟ ከፊት እንዳለ ነው፤ ከበሯ ወደ ኋላ ግን ከሰል መስላለች። ነጂው ተርፎ ሆስፒታል ተኝቷል። መኪናዋን በክሬን ጎትተው የተበላሹ መኪኖች ማቆሚያ ግቢ ውስጥ አሳደሯት። ትራፊኮቹ «አደጋ ነው» ብለው መዝገቡን ሊዘጉት ሲሉ ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ ሥሯን አየ።

የዚች መኪና ሞተር ከኋላ ነው። የሞተሩን ዘይት የምታቀዘቅዘው ትንሽ ራዲያተር ደግሞ ከፊት፣ አፍንጫዋ ላይ ናት። ስለዚህ የጋለው ዘይት በበሩ ሥር በብረት መስመር እስከ ፊት ይሄዳል፣ ነፋስ ይመታዋል፣ በሌላ መስመር ይመለሳል። ሞተር ሲሠራ ስለሚንቀጠቀጥ፣ መስመሩ ሞተሩ አጠገብ ሲደርስ ብረቱ ያበቃና ተጣጣፊ ቱቦ ይቀበለዋል። ሳጅኑ የሚያሳያት ያንን ቱቦ ነው። ጥቁር ጎማ ነው። መሃሉ ላይ ግማሽ ድረስ በስለት ተቆርጧል። ቅዱ ቀጥ ያለ ነው፤ እሳት እንዲህ አይቆርጥም።

«ዘይቱ በዚህ ወጣ፣ የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ፈሰሰ፣ ነደደ» አለ ሳጅኑ። «አንድ ሰው ይህን ልጅ ሊገድለው ፈልጓል።»

ኢንስፔክተሯ ቱቦውን በጣቷ ነካችው። ጥላሸቱ ጣቷ ላይ ቀረ። ፎቶ አስነሳችው፣ አስፈታችው፣ በከረጢት አሸገችው።

«በቢላ መቆረጡን እኔና አንተ ብቻ ነን የምናውቀው። ለማንም እንዳታወራ።»

«ለባለቤቴም?»

«በተለይ ለባለቤትህ።»

*

ነጂው እግሩ እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ተቀምጧል። ከራስጌው እናቱ አሉ፤ የልጃቸውን ትራስ ያስተካክላሉ፣ እንደገና ያስተካክላሉ።

«ዳገቱን እየወጣሁ ነበር» አለ ልጁ። «ዘይት ዘይት ሸተተኝ። የኋላ ጎማዬ እንደ ሳሙና ሙልጭ አለ። መሪውን ባዞር እምቢ አለኝ። ከዚያ ሙቀት ከጀርባዬ መጣ። ቀበቶዬ አልፈታ አለኝ።»

«ማን አወጣህ?»

«አላየሁትም። ጭስ ነበር። ብቻ ሁለት እጅ በብብቴ ገባ።»

«ብቻህን ነበርክ መንገዱ ላይ?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት እናቱን አየ። «ብቻዬን።»

ኢንስፔክተሯ አልተጫነችውም። «ጠዋት ከወንድምህ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።»

«ጋሼ አዲስ የዘይት ቱቦ ሠርቶ ገጠመልኝ። ሞተሩ ግሎ ሳላየው አትነዳትም አለኝ። እኔ ደግሞ ቀጠሮ ነበረኝ። ቁልፉን ከእጁ ቀምቼ ሄድኩ።» ድምፁ ወረደ። «"ሂድ! ስትሞት አትጥራኝ!" ብሎ ጮኸ። የንዴት ነገር ነው። ጋሼን እንዳትነኩት።»

ኢንስፔክተሯ ስትወጣ እናትየው እስከ ኮሪደሩ ተከተሏት።

«ልጄ» አሏት ክንዷን ይዘው፣ «ሁለት ብቻ ናቸው ያሉኝ። አንዱ ከእሳት ወጣልኝ ብዬ ሳላመሰግን ሌላውን እሳት እንዳትከቱብኝ።»

*

ታላቅ ወንድም ጋራዡን ዘግቶ ውስጥ ተቀምጧል። መፍቻዎቹ በቁመታቸው ተደርድረው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። መካኒኩ ለመቀመጥ የመረጠው ግን ወንበር አይደለም፤ ትናንት መኪናዋ ቆማ የነበረችበት ባዶ ቦታ ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ ነው።

«የዘይቱን ቱቦ ማን ገጠመው?» አለችው።

«እኔ።»

«ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ነክቶታል?»

«ማንም። ከእኔ እጅ ወደ ወንድሜ እጅ ነው የሄደችው።» ቀና አላለም። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሌላ ሰው አትፈልጉ። ይህ እጅ ነው ያቃጠለው።»

ሳጅኑ ኢንስፔክተሯን አያት። እሷም አየችው። ሰውየው ቱታውን እንደለበሰ ተነሳ፤ የጋራዡን መብራት አጥፍቶ፣ ሳይጠሩት ወደ ፖሊስ መኪናው ሄዶ ገባ።

«በቃ፣ አመነ» አለ ሳጅኑ በሹክሹክታ።

«ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ቆረጥኩት አላለም።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

*

መካኒኩ ቱቦውን የገዛበት የመለዋወጫ መደብር ከጋራዡ ብዙም አይርቅም። ባለቤቱን ከተማው ሁሉ የሚጠራው «ሁሉ አለ» እያለ ነው። የጠየቁትን ዕቃ «አለ!» ሳይል ቀርቶ ስለማያውቅ ነው። ሸሚዙ እንደ ወተት የነጣ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ኢንስፔክተሯን ከወንበሩ ተነስቶ አስቀመጣት።

«ምን ቱቦ ነው የሸጡለት?» አለችው።

«ጥቁሩን ጎማ ነዋ። ሁለት ዓይነት እንዳለ ነገርኩት። አንዱ ተራ ጎማ ነው። ሌላው ውስጡ ሙቀት የሚችል፣ ላዩ በቀጭን የብረት ሽቦ እንደ ሽሩባ የተጎነጎነ ነው። ለእሽቅድምድም መኪና ያኛው ነው የሚሻለው ብዬ መከርኩት፤ እምቢ አለ። እኔ ምን ላድርግ፣ እመቤቴ? የሰው ልብ ጓዳ ነው። ወንድሙን የሚወድ ሰው ርካሽ አይመርጥለትም።»

«አይዋደዱም ነበር እንዴ?»

«እኔ ወሬ አልወድም» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን አባታቸው መኪናዋን ለትንሹ ነው የተዉት። ትልቁ ሲያጸዳት አይቼዋለሁ። ሰው የራሱ ያልሆነን ነገር እንደዚያ አያጸዳም።»

ከመደብሩ ሲወጡ ሳጅኑ ራሱን ነቀነቀ። «ምክንያትም ተገኘ። ቱቦውም ጥቁር ጎማ ነው። ገጠመ።»

«በጣም ገጠመ» አለች ኢንስፔክተሯ።

*

ግን አንድ ሌላ ሰው ነበር። ዳገቱ ሥር ያለች የሱቅ ባለቤት፣ ጭሱ ከታየ በኋላ ሰማያዊ የስፖርት መኪና እየበረረች ስትወርድ አይታለች። በከተማው ሰማያዊ የስፖርት መኪና ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የጥርስ ሐኪሙ። እሱና የተጎዳው ልጅ «ማን ይቀድማል» በሚል ሲፎካከሩ ዓመታት አስቆጥረዋል። እሑድ እሑድ ጠዋት የሁለቱ ሞተር ነው ከተማውን የሚቀሰቅሰው።

ክሊኒኩ በር ላይ «ለጊዜው ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቤቱ ሄዱ። ራሱ አልከፈተም፤ ባለቤቱ ከፈተች። ሐኪሙ ሳሎን ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀምጧል። ቀኑ ግን ሞቃት ነው።

«ታመሃል?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ጉንፋን ቢጤ።»

«እስቲ ጨብጠኝ።»

አልተንቀሳቀሰም። ባለቤቱ ፊቷን አዞረች። ሳጅኑ አንድ እርምጃ ቀረበ። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ብርድ ልብሱን ገለጠ። ሁለቱም እጆቹ እስከ አንጓቸው በፋሻ ተጠቅልለዋል። ፋሻው አጠቃለሉ የሐኪም ሳይሆን የቤት ነው።

«አንተ ነህ ያወጣኸው» አለች ኢንስፔክተሯ።

ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ከኋላው ነበርኩ። እየተሽቀዳደምን ነበር፤ ያውም በሕዝብ መንገድ ላይ። ቀጠሮው የኔ ነው፣ ሐሳቡም የኔ። ቀበቶውን ስቤ አወጣሁት፣ በአፈር እሳቱን መታሁት። የአምቡላንሱን ድምፅ ስሰማ ፈራሁና ሸሸሁ።» አይኑ እንባ አቀረረ። «እሱ ቢሞት ኖሮ ምን ብዬ እኖር ነበር?»

«እነዚህን እጆች ለሐኪም አላሳየህም?»

«ምን ብዬ?»

«"ሰው አዳንኩ" ብለህ!» አለ ሳጅኑ። ሳያስበው ጮኸ።

ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ለሠራኸው ጥፋት ትራፊኮቹ ይጠይቁሃል። እኔ የምፈልገው ያየኸውን ነው። ከኋላው ነበርክ። ምን አየህ?»

ሐኪሙ አይኑን ጨፈነ። «መጀመሪያ ትንሽ ጭስ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ዘይት ፏ አለ፤ የኔ መስታወት ላይ ሁሉ ተረጨ። ሳወጣው ደግሞ ከሥሯ አንድ ነገር ተንጠልጥሎ ነበር። የተፈታ ሽሩባ የመሰለ የብረት ሽቦ፣ ከመሃሉ ጎማው እንደ ገንፎ እየተንጠባጠበ።»

ሳጅኑ መጻፉን አቆመ።

«እርግጠኛ ነህ? ሽቦ ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ይዤው ነበር» አለ ሐኪሙ፣ የተጠቀለለ እጁን ከፍ አድርጎ። «መዳፌ ላይ ቅርጹ አለ።»

*

ጣቢያ ሲደርሱ ኢንስፔክተሯ የታሸገውን ከረጢት አወጣች። ሳጅኑ በምላጭ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነጠቀው። እንደ መጽሐፍ ገለጡት።

ውስጡ ደረቅ ነው። ደረቅ ብቻ አይደለም፤ ዱቄት የመሰለ ነጭ ብናኝ አለበት። አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይጣበቅ የሚነሰነስበት ዓይነት ነው።

«ይህ ቱቦ ዘይት ነክቶት አያውቅም» አለ ሳጅኑ ቀስ ብሎ።

ኢንስፔክተሯ መካኒኩን አስጠራችው። ያደረው ሳይተኛ መሆኑ ያስታውቃል። ቱቦውን ፊቱ አስቀመጠችለት።

«የገጠምከው ይህ ነው?»

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«ይሄ የማን ነው?»

«ከወንድምህ መኪና ላይ ነው የፈታነው።»

«አይደለም! እኔ ተራ ጎማ ለወንድሜ መኪና? የጋለ ዘይት እኮ ነው! እኔ የገዛሁት ሽቦ የለበሰውን፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ነው። ደግሞ ይሄ በቢላ…» ቅዱን በጣቱ ተከተለ። «ይሄማ እንዲህ ተቆርጦ ቢሆን ከጋራዤ በር ሳትወጣ ዘይቷ ባለቀ ነበር። ዳገቱ ድረስ እንዴት ትደርሳለች?»

«ታዲያ ለምን ጥፋቱ የኔ ነው አልክ?»

«ማያያዣውን ሳጠብቅ አላልቼው ወይ ጠምዝዤው ይሆናል ብዬ ነዋ። ሌሊቱን ሙሉ መፍቻውን በእጄ ውስጥ ሳዞር ነው ያደርኩት፤ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ልይ ብዬ። የተቆረጠ ነገር አለ ያለኝ ሰው የለም።»

«አልነገርንህም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ከገዛኸው የተረፈ ቁራጭ አለህ?»

*

ቁራጩ ጋራዡ ውስጥ፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ጀርባ ተሰቅሏል። ያምራል፤ ሽቦው እንደ ብር ያብለጨልጫል፣ ጎኑ ላይ የታወቀ የጥራት ምልክት ታትሞበታል።

«እኔ ማን ነኝ ይህን የምጠረጥር?» አለ መካኒኩ።

ኢንስፔክተሯ ሐኪሙ ያየውን ስትነግረው፣ አሮጌ ድስት ፈልጎ የሞተር ዘይት ጨመረበትና ምድጃ ላይ ጣደው። በሙቀት መለኪያ እየተከታተለ፣ ዳገት የሚወጣ ሞተር የሚደርስበት ሙቀት ላይ ሲደርስ ቁራጩን ከተተው።

«ምሳ ነው ወይስ ምርመራ?» አለ ሳጅኑ። ማንም አልሳቀለትም።

ጠበቁ። መካኒኩ ቁራጩን በጉጠት ሲያወጣው ሽቦው እንዳለ ነበር፤ አላለቀም፣ አልቀለጠም። በውስጡ ያለው ጎማ ግን አብጦ፣ ለስልሶ፣ እንደ ማርማላታ በጉጠቱ ላይ ተዝለገለገ።

መካኒኩ ጠረጴዛውን ተደገፈ። ፊቱ ላይ ንዴት ነበር፣ ከንዴቱ ሥር ግን ሌላ ነገር። ትከሻው ላይ የነበረ ነገር ወረደለት።

«አስመሳይ ነው» አለ። «ላዩ ሽሩባ፣ ውስጡ ቆሻሻ። እጄ አልነበረም።»

«እጅህ አልነበረም» አለች ኢንስፔክተሯ። «አንተ የገጠምከው ፈነዳ። ከእሳቱ በኋላ ደግሞ አንድ ሰው እሱን ፈቶ ጎማ ገጠመበት፣ ጥላሸት ቀባው፣ በቢላ ቆረጠው። እኛ ቢላ የያዘ ሰው እንድንፈልግ፤ ቱቦውን ማን እንደሸጠው እንዳንጠይቅ።»

ወደ ማቆሚያው ግቢ ስልክ ደወለች። ክሬን ነጂው አነሳ።

«መኪናዋ ባደረችበት ማታ ማን መጣ?»

«ኧረ ማንም። እራት በልቼ ስመለስ "ሁሉ አለ" ብቻ ነበር። የሚገዛ ዕቃ ካለ ልይ ብሎ።» ክሬን ነጂው ሳቀ። «ደግሞ ቱታ ለብሶ። ያንን ሰውዬ በቱታ አይቼው አላውቅም፤ ሙሽራ መነኩሴ ሆኖ የመጣ ነው የመሰለኝ።»

*

«ሁሉ አለ» እንደ ልማዱ ከወንበሩ ተነሳ። ኢንስፔክተሯ ግን አልተቀመጠችም። የተሰነጠቀውን ጎማና ከድስት የወጣውን ቁራጭ ጎን ለጎን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«እንዲህ ዓይነት ሽቦ የለበሰ ቱቦ አለዎት?»

ሰውየው ቁራጩን አየ። ከንፈሩን ላሰ። «የለም።»

«እንዴት ያለ ቀን ነው!» አለ ሳጅኑ። «"የለም" ሲል ሰማሁት።»

«ስለ መደብርዎ በኋላ እንነጋገራለን» አለች ኢንስፔክተሯ። «ስለ ጎማውም፣ ስለ ቱታውም። አሁን የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዚህ ጥቅል ለሌላ ለማን ሸጡ?»

«እኔ ጥቅል…»

«ሰውዬ! ይህ ነገር ሌላ ሰው መኪና ሥር ተገጥሞ፣ አሁን፣ እየጋለ ነው። ለማን?»

«ሁሉ አለ» ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ጨዋታ ከፊቱ ረገፈ፤ አሮጌ ሰው ሆነ። «ርካሽ አገኘሁና ምልክቱን ራሴ አሳተምኩበት። ይፈነዳል ብዬ አላሰብኩም። ሰው ይሞታል ብዬ በጭራሽ…» እጁን አፉ ላይ አደረገ። «አውቶቡሱ። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ። የሞተሩ ዘይት ማቀዝቀዣ ቱቦ ተበላሽቶ ከእኔ ነው የወሰዱት። ዛሬ ልጆቹን ይዞ ለጉብኝት ይወጣል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ወዴት?»

«ወደ ዳገቱ።»

*

ሳጅኑ ነዳ። ኢንስፔክተሯ የአውቶቡሱን ሹፌር ስልክ ደጋግማ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። መካኒኩ ከኋላ ወንበር የመሣሪያ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀምጧል። አብሮ እንዲመጣ ማንም አልጠራውም፣ ማንም አልከለከለውምም።

ከተማውን ወጡ። ድልድዩን አለፉ። ቢጫው አውቶቡስ ከፊታቸው ታየ፤ ዳገቱን ጀምሮታል፣ እያቃሰተ ይወጣል። ከኋላው ስስ ሰማያዊ ጭስ አለ።

«ጀመረው» አለ መካኒኩ። «ቶሎ! ቅደመው!»

ሳጅኑ ሳይረኑን ከፈተና ቀድሞ ፊቱን ዘጋው። አውቶቡሱ ፍሬኑ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ምን አጠፋሁ?» ከማለቱ ኢንስፔክተሯ በሩን ከፍታ ገብታለች።

«ሞተር አጥፋ! ልጆች፣ ተራ በተራ፣ ሳትገፋፉ፣ ወደ ሣሩ!»

ልጆቹ ወረዱ። መጀመሪያ ደነገጡ፤ ፖሊስ ሲያዩ ግን ተሯሯጡ፣ ሳቁ፣ የጉብኝቱ አካል መሰላቸው። አስተማሪያቸው ጭንቅላት እየነካች ቆጠረቻቸው፤ ሁሉም አሉ። ከዚያ ሣሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

መካኒኩ ከአውቶቡሱ ሥር ገባ። እግሩ ብቻ ይታያል። ቆይቶ ድምፁ መጣ።

«ኢንስፔክተር፣ ይምጡና ይዩ።»

እሷም ገባች። ቱቦው ሽቦው ውስጥ አብጦ፣ የበላ እባብ መስሎ ተወጥሯል። ከጫፉ ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። ጠብታው ከጋለው ብረት የሚርቀው ጥቂት ጣት ያህል ነው።

«ዳገቱን ትንሽ ቢቀጥል ኖሮ…» አለ መካኒኩ። መፍቻውን አነሳና ሥራውን ጀመረ።

*

በዚያው ሳምንት ከዚያ ጥቅል የተሸጠው ሁሉ ከየመኪናው ተፈቶ ጣቢያ ገባ። «ሁሉ አለ» አንድም አልደበቀ፤ ገዢዎቹ እነማን እንደሆኑ ራሱ እያስታወሰ ለፖሊሶቹ ነገራቸው። ኢንስፔክተሯ ይህንንም መዝገቡ ላይ አሰፈረችው። ፍርዱ የሌሎች ነው።

ጉዳዩ በተዘጋበት ቀን መካኒኩን ሆስፒታል ድረስ ራሷ አደረሰችው። ከወንድሙ ጋር ከዚያ ጠብ ወዲህ አልተያዩም። ኮሪደሩ ላይ ቆመ።

«ምን ብዬ ልግባ? "ስትሞት አትጥራኝ" ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እሱም አልሞተም፣ አልጠራህምም። እዳ የላችሁም። ግባ!» ብላ ከጀርባው ገፋችው።

በሩ ገርበብ ብሏል። ወንድምየው አልጋው ላይ ተቀምጦ ማንኪያ ይዟል። ከጎኑ የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እጆቹ አሁን በደንብ፣ በባለሙያ ተጠቅልለዋል። በሽተኛው ጠያቂውን ሾርባ ያጎርሰዋል።

«አፍህን ክፈት። ሰፋ አድርገህ። አንተስ ሰውን እንዲህ አይደል የምትለው?»

«ይሞቃል፣ እፍ በልበት!»

እናትየው መስኮቱ አጠገብ በመሃረባቸው አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ።

ታናሽ ወንድም ቀና ሲል በሩ ላይ የቆመውን አየ። ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

«ጋሼ» አለ፣ «ምን ቆመህ ታያለህ? ክንዴ ዝሏል። ና ተረከበኝና አጉርሰው።»

መካኒኩ ገባ። እጁን ቱታው ላይ ጠረገ፣ አየው፣ ደግሞ ጠረገ። ከዚያ የወንድሙን ራስ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ያዘው፤ ለረጅም ጊዜ ያዘው። ሐኪሙ አፉን እንደከፈተ ጠበቃቸው።